ዘመድ ለሚያሳድገው ልጅ ስለሚገባው ቀለብ

ሕፃን ልጅ በአባቱና በእናቱ እጅ ማደጉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የተፈጥሮ ሥርዓት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሞት፥ ደዌ፥ ስደትና ችጋር በዓለም ላይ እስካሉ ድረስ፥ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ በአያቱ፥ በአክስቱ፥ በአጎቱ ወይም በታላቅ እኅቱ እጅ የሚያድግ ልጅ መኖሩ አይቀርም። በአገራችን ይህ ነገር ከመዘውተሩ የተነሣ እንደ ጉድለት አይቈጠርም፤ ልጁም በአክስቴ ቤት አደግሁ ሲል አያፍርም፥ አክስቲቱም ስላሳደገችው ምስጋና አትጠይቅም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገርበት ያሰብነው ይህ መልካም ልማድ በምን ገንዘብ እንደሚቆም ነው። ልማዱን የሚያመሰግነው ሰው ብዙ ነው፤ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ለዚህ ምርመራ ከመርካቶ የሚሻል ስፍራ አናገኝም። መርካቶ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን፥ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ለአገሬው ሰው ተብሎ በተከለለ ጊዜ የተቈረቈረ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠፋው በነጋዴው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በዝምድናም ጭምር ነው። ከጉራጌና ከስልጤ፥ ከመንዝና ከወሎ የመጣ ልጅ አጎቱን ወይም የአጎቱን ልጅ ፈልጎ ያገኛል፤ በሱቁ መደብ ሥር ይተኛል፤ ቀን ዕቃ ሲያቀብል ውሎ ማታ ፊደል ይቈጥራል፤ ሲጎለምስም ሱቅ በደረቴ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያም በኋላ ራሱ በተራው ሌላ የወንድም ልጅ ይቀበላል። በመርካቶ ሀብት አፍርተው ስማቸው ከሚጠራው ነጋዴዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው።

ሆኖም ይህ ዓይነቱ አስተዳደግ የሱቅ ባለቤት የሆነ አጎት ላለው ልጅ ነው። በሸራ ተራና በምን አለሽ ተራ ጀርባ፥ በሰባተኛና በአባ ኮራን ሰፈር በኩል፥ በቀበሌ ቤት የሚኖሩት አያቶች ነገር ሌላ ነው። በበርበሬ ተራ በርበሬ ቀንጥሰው፥ በእህል በረንዳ እህል አበጥረው፥ ወይም ጉሊት ተቀምጠው ሽንኩርትና ቲማቲም እየመደቡ ሸጠው የልጆቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ባልቴቶች ጥቂቶች አይደሉም። የቤቱ ኪራይ አነስተኛ መሆኑ ትልቅ ረድኤት ነው፤ ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ነው፥ እነርሱም የዕለቱን በዕለቱ የሚበሉ ናቸው። ዝናብ ጠንክሮ በዋለ ቀን፥ ወይም በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እንደ ደረሰው ያለ የእሳት አደጋ በተነሣ ጊዜ፥ ጉዳቱ ሱቁ በተቃጠለበት ነጋዴ ላይ ብቻ አይቆምም። በዚያ ደጃፍ ተቀምጠው በሚሸጡት፥ እነርሱንም ተማምነው በሚበሉት ሕፃናት ላይ ይደርሳል።

እነዚህ ሕፃናት ወደ አያቶቻቸው ቤት የገቡበት ምክንያት በየጊዜው የተለያየ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ የተባለው ደዌ ወጣቱን ወላጅ ከመካከል አንሥቶ ሽማግሌውንና ሕፃኑን ብቻቸውን ተዋቸው፤ ዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት በአገራችን ያለ ክፍያ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነበርና፥ ከዚያ በፊት የሞቱት ወላጆች ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። እነርሱን ያሳደጓቸው አያቶች አብዛኞቹ አንዲት ሳንቲም መደጎሚያ ሳያዩ ነው ያሳደጉት። ከዚያ ወዲህ የበዛው ሌላ ምክንያት ነው፤ ይኸውም እናቶች ለቤት ሥራ ወደ ቤይሩት፥ ወደ ኩዌት፥ ወደ ጅዳና ወደ ሪያድ መሄዳቸው ነው። እናቲቱ በሕይወት አለች፤ ስለዚህ ልጁ ሙት ልጅ ተብሎ አይመዘገብም። ገንዘብ የላከች ወር ቤቱ ይጠግባል፤ አሠሪዋ ደመወዝዋን የያዘባት ወይም ስልክዋ የጠፋ ወር ግን አያቲቱ ከጎረቤት ትበደራለች። በመዝገብ ቤት ዐይን ይህ ልጅ ወላጅ ያለው፥ የሚላክለት፥ ርዳታም የማያሻው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። ይህን የሚያነቡት ሹማምንት ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸው ናቸውና ቃሉን በጥንቃቄ ቢያዩልን እንወዳለን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ መንግሥት ለሙት ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ፥ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትንና ደኅንነታቸውንና ትምህርታቸውን የሚያራምዱትን ተቋማት መመሥረት እንዲያበረታታ ያዝዛል። በ41ኛውም አንቀጽ አቅም በፈቀደ መጠን ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩት ሕፃናት እንዲረዱ ተደንግጓል። ሁለቱም መልካም ድንጋጌዎች ናቸው። ነገር ግን በመጀመሪያው የተጠቀሱት ጉዲፈቻና ተቋም ናቸው፤ በሁለተኛው የተጠቀሰውም አሳዳጊ የሌለው ልጅ ነው። አያቱ ዘንድ ያለው ልጅ አሳዳጊ አለውና ከሁለቱም በር ውጭ ይቀራል ማለት ነው። አያቲቱ በ41ኛው አንቀጽ አረጋውያን ከተባሉት ልትቈጠር ትችላለች እንል ይሆናል፤ እርግጥ ነው፥ ግን ይህ ስለ ራስዋ እርጅና እንጂ በጉያዋ ስላለው ልጅ አይደለም።

በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ደግሞ ወላጆች በሌሉ ጊዜ አያቶችን፥ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችንና እኅቶችን፥ አጎቶችንና አክስቶችን አሳዳሪና ሞግዚት ለመሆን ይጠራቸዋል። ይኸው ሕግ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ ሲያቆም ግን ወደ ላይና ወደ ታች በሚቈጠሩ ዘመዶች፥ እንዲሁም በወንድሞችና በእኅቶች መካከል ያደርገዋል። አክስትና አጎት በዚህ ውስጥ የሉም። ስለዚህ አክስቲቱ ልጁን ልታሳድር ትጠራለች፤ ልትቀልበው ግን በሕግ አትገደድም። ከቀለበችውም በፈቃድዋ ነው፤ የሚመልስላትም የለም። የሕግ ሰዎች ይህን ክፍተት የሚያውቁት ይመስለናል፤ እስከ ዛሬ ያልተሞላው ክፍተቱን የሚሞላው የእኅት ፍቅር ስለ ሆነ ነው። ፍቅር ሲሞላው የኖረ ጉድለት ደግሞ በበጀት ሰነድ ላይ አይታይም።

በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1070 ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠት ቀርቷል። እኛ ይህን ውሳኔ ደግፈነዋል፥ ዛሬም እንደግፈዋለን፤ ልጁ በአገሩና በወገኑ መካከል ማደጉ ይበልጣልና። ይሁን እንጂ አንድን በር የዘጋ ቤት ሌላው በር መከፈቱን ማየት አለበት። ከዚያ በፊት በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕፃናት አማራጭ ክብካቤ መመሪያም በርእሱ ላይ አምስት መንገዶችን ዘርዝሮ ነበር፤ እነርሱም በማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጥ ክብካቤ፥ ከቤተ ሰብ ጋር መልሶ ማገናኘት፥ በአደራ ቤተ ሰብ ማሳደግ፥ ጉዲፈቻና የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመውና ብዙ ልጆችን የያዘው የዘመድ ቤት ግን ለብቻው ርእስ አላገኘም።

ልጅን በተቋም ማሳደግ ምን እንደሚጠይቅ ለማወቅ ወደ ክበበ ፀሐይ፥ ወደ ቀጨኔና ወደ ኮልፌ የሕፃናት ማሳደጊያዎች መሄድ ይበቃል። በዚያ ሞግዚቷ ደመወዝ አላት፤ አብሳይዋ፥ ዘበኛውና ሒሳብ ሹሙ ደመወዝ አላቸው፤ ለምግቡ፥ ለመብራቱና ለአልጋው በጀት ተይዟል። ይህ መሆኑ ተገቢ ነው፥ ሊቀነስም አይገባም። ነገር ግን ያው ልጅ ከተቋሙ ወጥቶ አክስቱ ዘንድ የተመለሰ ቀን፥ ከኋላው የሚከተለው በጀት ምንድር ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ አጭር ነው።

ምንም አልተደረገም ማለታችን አይደለም፤ በሐሰት መክሰስ አይገባም። በአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ በ2012 ዓ.ም. ወደ 300 ሺሕ ለሚሆኑ ልጆች ደርሶ ነበር፤ ደብተርና የደንብ ልብስም ያለ ዋጋ መሰጠቱ ለአያቶች የቀለለላቸውን ሸክም ከእነርሱ በቀር የሚያውቀው የለም። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604 ሺሕ ድኾችን እንዲረዳ የታሰበ ነበር፤ ጉልበት ያለው በአካባቢ ሥራ እየተሰማራ፥ ጉልበት የሌለው በቀጥታ እየተሰጠው። የጡረታ ሕጋችንም ለሟች ልጅ ከአባቱ ወይም ከእናቱ አበል ከመቶ 20 እንዲከፈለው ያዝዛል።

ጉድለቱ ያለው በእነዚህ መካከል ነው። ምገባው በትምህርት ቤት ደጅ ይቆማል፤ ቅዳሜና እሑድ፥ ክረምትም አለ፥ ትምህርት ቤት ያልደረሰም ልጅ አለ። ሴፍቲኔቱ የቤቱን ድኽነት እንጂ ቤቱ ማንን እንደ ተቀበለ አይመዝንም፤ ለሠራተኛውም የተመደበው ጊዜ ሦስት ዓመት ነበር፤ በሁለት ዓመቱ ወደ አክስቱ ቤት የገባ ልጅ ግን አካለ መጠን እስኪደርስ 16 ዓመት ይቀረዋል። የጡረታውም አበል ለመንግሥት ሠራተኛና፥ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ፥ በግል ድርጅት ተቀጥሮ መዋጮ ለከፈለ ሰው ልጅ ነው። በመርካቶ ዕቃ ተሸክሞ፥ ጋሪ ገፍቶ፥ ጉሊት ቸርችሮ የሞተ ሰው ልጁን ለማን አበል ያወርሰዋል?

በዚህ ጽሑፍ ከሚጠቀሙት አንባብያን መካከል ሊቃውንትና ካህናት ብዙዎች ናቸውና አንድ የታወቀ ታሪክ እናስታውሳቸው። ጎቶልያ የመንግሥትን ዘር ባጠፋች ጊዜ ሕፃኑን ኢዮአስን ያተረፈችው አክስቱ ዮሳቤት ናት። ነገር ግን ዮሳቤት ብቻዋን አልነበረችም፤ ባልዋ ካህኑ ዮዳሄ ነበረ፥ ሕፃኑም ስድስት ዓመት የተሸሸገው በቤተ መቅደስ ነው። አክስት አዳነችው፤ ቤተ መቅደስ አስጠለለው። አስቴርንም ያሳደጋት የአጎትዋ ልጅ መርዶክዮስ በንጉሥ በር የሚቀመጥ ሰው ነበር። በእስልምናም ወገን ነቢዩ መሐመድ በአያታቸው በአብዱል ሙጠሊብ፥ ከዚያም በአጎታቸው በአቡ ጣሊብ ማደጋቸው የታወቀ ነው። የመርካቶ ሰው በቅዱስ ራጉኤል ቢሳለም በአንዋር መስጊድ ቢሰግድ ይህን ነገር ከሩቅ አገር የመጣ ትምህርት አድርጎ አይቈጥረውም።

ስለ ሌሎች መንግሥታት ሥራ ጥቂት እንበል። በአሜሪካ፥ በኢሊኖይ ግዛት፥ ወንድሞችዋንና እኅቶችዋን ላሳደገች ታላቅ እኅት፥ ዘመድ ስለ ሆነች ለባዕድ አሳዳጊ የሚከፈለው ተከልክሎባት ነበር፤ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በየካቲት 1971 ዓ.ም. ዘመድ መሆን ክፍያውን ሊያስከለክል አይገባም ተብሎ ተወሰነ። ጎረቤታችን ኬንያ በ1997 ዓ.ም. በ500 ያህል ቤተ ሰቦች ጀምራ፥ ሙት ልጆችን ለያዙ ድኻ ቤቶች ገንዘብ መስጠትን አስፋፋች፤ ክፍያውም በኋላ በወር 2,000 ሽልንግ ሆነ፤ ተቀባዮቹንም የሚመርጠው መንደርተኛው ነው። በገዛ አገራችንም በ2004 ዓ.ም. ግድም በትግራይ፥ በዓቢ ዓዲ ከተማና በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳ፥ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ለአረጋውያን፥ ለአካል ጉዳተኞችና በሕፃን ለሚመሩ ቤቶች በወር 155 ብር መነሻ እየሰጠ፥ ትምህርት ቤት ስለሚሄድ ልጅም ጥቂት ጨምሮ ሞክሮት ነበር። የቀረው ፈተናውን ወደ ሥርዓት ማሳደግ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምንማርበት ግን የደቡብ አፍሪካ ነገር ነው፤ መማሪያነቱም በደረሰበት ችግር ነው። በዚያ ለአደራ አሳዳጊ የሚከፈለው ገንዘብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚገኝ ነበርና፥ የሙት የልጅ ልጆቻቸውን የያዙት አያቶች ሁሉ ወደ ፍርድ ቤት ጐረፉ፤ ተቀባዮቹ ልጆች ከ500 ሺሕ አለፉ፤ ዳኞችና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች በወረቀት እድሳት ተውጠው በእውነት የተደበደበውንና የተበደለውን ልጅ የሚያዩበት ጊዜ አጡ። መንግሥቱም ሕጉን አሻሽሎ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ፥ ዘመድ ዘንድ ላለ ሙት ልጅ ያለ ፍርድ ቤት በቢሮ ማመልከቻ የሚገኝ ጭማሪ ከፈተ፤ ለማንኛውም ድኻ ልጅ በሚሰጠው 480 ራንድ ላይ 240 ራንድ ተጨምሮ። ከዚህ የሚገኘው ምክር ግልጽ ነው፤ ዳኛ የሚያስፈልገው ጠብ ላለበት ቤት ነው እንጂ ሰፈሩ ሁሉ ለሚያውቃት አያት አይደለም።

በእኛም ዘንድ ወረቀቱ ከገንዘቡ ባላነሰ ያስቸግራል። ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ የሲቪል ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለደው ብዙ ልጅ ወረቀት አልነበረውም። ለወረቀቱ የእናቲቱ መታወቂያ ይፈለጋል፤ እናቲቱ ሪያድ ናት። የሞግዚትነት ማስረጃ አምጪ ትባላለች፤ ለማስረጃው ማመልከቻ ጸሓፊ፥ ለጸሓፊው ገንዘብ፥ ምስክሮችን ለማቅረብ ሥራ የተፈታበት ቀን ያሻል። ጉሊት ያልተቀመጠችበት ቀን እራት የሌለበት ማታ ነው። እንዲህ እያለ ብዙ ሰው መብቱን ሳይከለከል ይተወዋል።

በዚህ ላይ የሚቃወሙን ሰዎች የሚያነሡትን ቃል እናውቀዋለን። መጀመሪያ፥ ዝምድና በገንዘብ ከተከፈለ ይረክሳል ይላሉ። ክርክሩ ከሩቅ ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን ለካህን ድርጎ መሰጠቱ ቅዳሴውን አላረከሰም፥ ለመምህር ደመወዝ መከፈሉም ተማሪውን ከመውደድ አላገደውም። በቀን ሦስት ጊዜ ልጅን ምን ላብላው እያለች የምትጨነቅ አክስት ፍቅርዋ በመደጎሚያ አይቀንስም፤ በጭንቀት ነው የሚቀንሰው። ሁለተኛው ቃል ግን ክብደት አለው፤ ለገንዘብ ሲሉ ልጅ የሚበዳደሩ፥ የሌለ ልጅም የሚያስመዘግቡ ሰዎች ይነሣሉ የሚለው ነው። ይነሣሉ። ሰው ባለበት ሁሉ አታላይ አለና። መድኃኒቱ ግን ምስክሩን ማብዛት ነው፥ የምስክሩንም ስፍራ ወደ ቤቱ ማቅረብ ነው። በአንድ መንደር ስንት ልጅ በማን ቤት እንደሚያድር ከእድሩ ዳኛ የተሰወረ ነገር የለም። የንስሐ አባትም ያውቃል፤ የኑዛዜ ምስጢር ይውጣ አላልንም፥ ጠበል ሊረጭ በገባ ጊዜ በዐይኑ የሚያየውን ማለታችን ነው። እንዲሁም የትምህርት ቤቱ መምህር። እነዚህ ሦስቱ የተስማሙበት ስም ሐሰት ሆኖ የሚገኘው እምብዛም ነው።

ገንዘብ የለም የሚለው ሦስተኛው ቃል ነው። በእርግጥም የከተማው ግምጃ ቤት የማያልቅ ምንጭ አይደለም። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ዓመት ይሁን አንልም፤ ሁለቱም ወላጆቹ የሞቱበትና ከስድሳ ዓመት በላይ በሆናት አያት እጅ ያለው ልጅ ይቅደም፤ የተሰደደችው እናት ልጅ ይከተል።

ስለ አንድ ነገር ግን ዝም ብለን ማለፍ አይቻለንም። ዘመድ የተባለ ሁሉ አሳዳጊ አይደለም። ከገጠር የእኅቱን ልጅ ላስተምር ብሎ አምጥቶ፥ ከጎሕ እስከ ምሽት ዕቃ የሚያሸክመው፥ ወይም ሴት ልጅን ያለ ደመወዝ ቤት ሠራተኛ የሚያደርጋት ሰው በመርካቶ አለ። ከላይ ያመሰገንነው የአጎትና የሱቅ ልማድ ይህን ጥላ ያስከትላል፤ የተሻገሩት ሲናገሩ ይሰማሉ፥ ያልተሻገሩት ግን አይናገሩም። መደጎሚያው ለዚህም ይረዳል። ገንዘቡ የሚሰጠው ልጁ ትምህርት ቤት መዋሉ ሲታይ ከሆነ፥ የወረዳውም ሠራተኛ በየሦስት ወሩ ልጁን ራሱን እንጂ አሳዳጊውን ብቻ የማይጠይቅ ከሆነ፥ እስከ ዛሬ ማንም ያላንኳኳው በር ይንኳኳል።

ሕጉን ማሻሻል ጊዜ ይወስዳል፥ የምክር ቤትም ሥራ ነው። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2001 ዓ.ም. መመሪያ ላይ የዘመድ አሳዳጊን ስድስተኛ ርእስ አድርጎ ቢጨምር መልካም ነው፤ የቤተ ሰብ ሕጉም የአክስትና የአጎትን ቀለብ ከመንግሥት ድጋፍ ጋር ቢያያይዝ እንዲሁ። ነገር ግን የአዲስ ከተማ ወረዳዎች ይህን ሳይጠብቁ ሊሠሩት የሚችሉት አለ። በየመንደሩ ዘመድ ዘንድ የሚያድጉትን ልጆች ስም፥ ዕድሜና የአሳዳጊውን ማንነት በአንድ መዝገብ መጻፍ የምክር ቤት ፈቃድ አያሻውም፤ እድሮቹ ግማሹን አስቀድመው ያውቁታል። በእድር ዳኛና በመምህር ምስክርነት የተመዘገበች አሳዳጊ፥ ለትምህርት ቤት ምዝገባና ለጤና ጣቢያ ካርድ እንደ ሞግዚት እንድትቈጠር በወረዳው ማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ሊሰጣት ይቻላል። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ቀን ሲከፈትም መዝገቡ በእጅ ካለ፥ ስንት ብር እንደሚያስፈልግ በግምት ሳይሆን በቍጥር ይነገራል። ምዝገባው በነሐሴ ካለቀ፥ በመስከረም የትምህርት ቤት በር ሲከፈት አያቲቱ የልጁን እጅ ይዛ ስትቀርብ ከሪያድ የሚመጣ መታወቂያ አትጠየቅም።